ቦታ ሞልቶት ቦታ ያጣው ሰዓት



ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ሰዓት ነው። በሰፈራችን መስጂድ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ እኔው በእጄ የሠራሁት ሰዓት። ጨዋታው ወደ ኮምፒውተር ሜሞሪ ይወስደናል፤ ግን ትምህርቱን ያልተማራችሁ ከአሁኑ እንዳታልፉኝ። የመስጂድ ጫማ መደርደሪያ የምታውቁ ከሆነ ይበቃል።

እኔ ስልክና ላፕቶፕ ጠጋኝ ነኝ። ደሴ ውስጥ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ሱቅ አለችኝ። ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ስቀይር ስውል “ያ ሁሉ የተማርኩት የት ገባ?” የሚል ነገር ይከነክነኝ ነበር። እናም የመስጂዱ ኮሚቴ ዲጂታል ሰዓት ሊገዛ ነው ሲባል “እኔ እሠራላችኋለሁ” አልኩ። ከመግሪብ በኋላ ሱቄን ዘግቼ እየተቀመጥኩ ሁለት ወር ገደማ ፈጀብኝ።

የሰዓቱ ልብ ኢኤስፒ 32 የምትባል ቺፕ ናት። ዋይፋይ አላት፣ ርካሽ ናት፣ ፍሪአርቶስ የሚባል ትንሽዬ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ትሸከማለች። ራሟ 520 ኪሎባይት ነው። ልብ በሉ፣ ኪሎባይት! የስልካችሁ ራም 4 ጊጋባይት ከሆነ ከእሷ 8 ሺህ ጊዜ ገደማ ይበልጣል ማለት ነው። ከዚያችም ላይ ሲስተሙና ዋይፋዩ የየድርሻቸውን ያነሳሉ። ለእኔ ፕሮግራም የሚተርፈው 140 ሺህ ባይት ገደማ ነበር።

ሰሌዳው ላይኛው በኩል ሰዓቱን፣ መሐል ላይ የአምስቱን ሶላት ወቅትና ኢቃማውን ያሳያል። ከታች ደግሞ የምትሮጥ አንዲት መስመር አለች። እሷ ናት የልፋቴ ዋና። የኮሚቴው ጸሐፊ ከስልኩ መልእክት ይልካል፤ ቺፗ በየ5 ደቂቃው ኢንተርኔት ላይ ሄዳ ታያለች፤ አዲስ ካገኘች ታስሮጠዋለች። “ነገ ደርስ የለም”፣ “የሁለት በር ቁልፍ ተገኝቷል”፣ የጀናዛ ማስታወቂያ፣ የሰፈር ጽዳት። የመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ሶላቱ ካለቀ በኋላም ከሥሩ አልነቃነቅ ብለው ሲያነቡ ሳይ፣ ዲግሪዬን የዚያን ዕለት የወሰድኩ ነው የመሰለኝ።

ዘጠኝ ቀን ሠራ። በዘጠነኛው ይሁን በአሥረኛው ቀን ሙአዚኑ ደወሉ።

“ልጄ፣ ያ ነገርህ ደንዝዟል።”

ሄጄ አየሁት። ሰዓቱ ልክ ነው፣ የሶላቱ ወቅት ልክ ነው፤ ታች የምትሮጠዋ መስመር ግን የትናንት ወሬ ይዛ ትሮጣለች። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት፤ ተነሳ። “ኔትወርክ ነው ሐጂ” አልኳቸው። አሳማኝ ነው፤ እዚህ አገር “ኔትወርክ ነው” ሲባል የሚጠራጠር ሰው ታውቃላችሁ? ከሌላ ዘጠኝ ቀን በኋላ እንደገና ደነዘዘ። “መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ነው” አልኩ። በሦስተኛው ሐጂም መደወሉን ተዉት፤ ራሳቸው እየነቀሉ ይሰኩት ጀመር። እኔም ደስ አለኝ፤ የጠራኝ ሰው የለማ!

ከዚያ አንድ ቀን በሰፈራችን የምናከብራቸው አንዲት እናት ወደ አኼራ ሄዱ። በር ላይ ዳቦ እየሸጡ ስንቱን የገጠር ተማሪ ቤታቸው አሳድረው ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። ጸሐፊው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ መልእክቱን ላከ፤ ቀብሩ ከዐስር በኋላ ነው። ድሮ ቢሆን በማይክ ይነገር ነበር። ሰሌዳው ከተሰቀለ ወዲህ ግን “ሰሌዳው ላይ አለ” ተብሎ ማይኩ እየቀረ መጥቶ ነበር። የዚያን ዕለት ዙህር ላይ ሰሌዳው ያለፈውን ሳምንት የደርስ ፕሮግራም ነበር የሚያስሮጠው።

እኚያ እናት ካሳደጓቸው ልጆች አንዱ ዛሬ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ዙህርን ከሰሌዳው ሥር ተቀምጦ ሰገደ። ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ ጭነት ይዞ ወረደ። በማግስቱ ተመልሶ ነው የሰማው።

ሱቄ ድረስ መጣ። ሊጣላኝ የመጣ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ቆሞ “ወንድሜ፣ ማስታወቂያው ተለጥፎ ነበር እንዴ? እኔ ነኝ ሳላየው የወጣሁት?” አለኝ። ራሱን ሲወቅስ ነው ያደረው። እኔስ ምን አልኩት? “ኔትወርክ ነበር ጋሼ።”

ከወጣ በኋላ የያዝኩትን ስልክ መፍታት አቃተኝ። ኔትወርክ ይሁን አይሁን አላውቅማ! አንድም ቀን መርምሬ አላውቅም። ማታውኑ ሰሌዳውን አወረድኩት፤ ኮሚቴውንም እስከማስተካክለው ድረስ በማይክ ተናገሩ አልኩ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሊክ ነበር። ፕሮግራም ከሲስተሙ ሜሞሪ ይበደራል፣ ሲጨርስ ይመልሳል፤ መመለስ የረሳ እንደሆነ ቀስ በቀስ ሜሞሪው ተንጠፍጥፎ ያልቃል። ይሄ የጀማሪ ስህተት ነው፤ መድኃኒቱም የታወቀ ነው። ቺፗን ሱቅ ውስጥ ላፕቶፕ ላይ ሰክቼ፣ በየሰዓቱ “ስንት ባይት ነፃ አለሽ?” እያልኩ እንድትጽፍልኝ አደረግሁ። በመጀመሪያው ቀን 140 ሺህ። በሁለተኛው 100 ሺህ ገደማ። በአራተኛው ያው። በስምንተኛውም ያው 90 ሺህ አካባቢ። አይወርድም! ሊክ ቢሆን በየቀኑ መውረድ ነበረበት። በዘጠነኛው ቀን 92 ሺህ ባይት ነፃ እያላት፣ ኢንተርኔት ላይ ልትወጣ ስትል “ሜሞሪ የለም” ብላ መለሰችልኝ።

92 ሺህ ነፃ አለሽ። የጠየቅሽው 17 ሺህ እንኳ አይሞላም። እና የለም?

ሌሊቱን ሙሉ ቺፗ ናት የተበላሸችው እያልኩ ሌላ ገዝቼ ልቀይራት ሁሉ አስቤ ነበር። ለካ የጠየቅኳት ጥያቄ ነው የተሳሳተው። “ስንት ነፃ አለሽ?” ሳይሆን “ትልቁ ያልተቆረጠ ቁራሽሽ ስንት ነው?” ማለት ነበረብኝ። ይህን የሚመልስ ትእዛዝ ሲስተሙ ውስጥ አለ፤ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር እንጂ። እንደገና ከመጀመሪያው አስነሳኋት፤ እንደገና ዘጠኝ ቀን ጠበቅሁ። አሁን ሁለት ቁጥር ነው የምትጽፈው። አንደኛው ያው የምታውቁት ነው፤ ወርዶ ይረጋል። ሁለተኛው ግን 110 ሺህ ብሎ ጀመረ፤ ወደ 60 ወረደ፣ ከዚያ 38፣ ከዚያ 22፤ በመጨረሻ 15 ሺህ ላይ ሲደርስ መስመሯ ቀጥ አለች።

ስሙ ፍራግመንቴሽን ይባላል፤ የክፍት ቦታ መቆራረስ በሉት። በዩኒቨርሲቲ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮርስ ላይ ተምሬው፣ ተፈትኜበት፣ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ሲያጋጥመኝ ግን አላወቅሁትም።

አሁን ወደ ጫማ መደርደሪያው ኑ። መስጂዳችን ሁለት ዓይነት አለው። አሮጌው አንድ ረጅም ጣውላ ነው፣ መከፋፈያ የለውም። ጁሙዓ ቀን ሰው ከጫፍ ጀምሮ ይደረድርበታል፤ ሰንደል ጫማ፣ ስኒከር፣ የልጆች ነጠላ ጫማ፣ ሁሉም በየመጠኑ። ሶላቱ ሲያልቅ ቸኳዩ ይወጣል፣ ሱና የሚሰግደው ይቆያል፣ ቁርኣን ይዞ የተቀመጠው እስከ ዐስር አይነሳም። ጣውላው ላይ እዚህ የአንድ ሰንደል ክፍተት፣ እዚያ የአንድ ስኒከር ክፍተት ይቀራል። አሁን አንድ ሰው ከሥራ ቦታው በቀጥታ ትልቅ ቦት ጫማ ተጫምቶ ቢመጣስ? ክፍተቱ ቢደመር ሁለት ሜትር ይሆናል። ቦቱን የሚያስገባ አንድ ቦታ ግን የለም።

“ታዲያ ገፋ ገፋ አያደርጋቸውም?” ትሉኛላችሁ። ሶፍ ላይ ኢማሙ ተጠጋጉ ሲሉን እግር ከእግር ገጥመን እንጠጋጋለን፤ ክፍተቱ ሁሉ ዳር ላይ ይሰበሰብና ለመጪው ቦታ ይሆናል። ሰው ስለሆንን ነው፤ የት እንደቆምን ራሳችን እናውቃለን። ጫማ ግን የት እንዳለ አያውቅም፤ የሚያውቀው ባለቤቱ ነው፤ እሱም “ከግራ አራተኛው” ብሎ ይዞ ገብቷል። ብትገፋው የሌላ ሰው ጫማ አጥልቆ ይወጣል። ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። ከሜሞሪ ቦታ ሲሰጠው የቦታውን አድራሻ ይዞ ይሄዳል፤ ፖይንተር የምንለው እሱን ነው። ሲስተሙ ያን ነገር በጎን ቢያንቀሳቅሰው ፕሮግራሙ ተመልሶ መጥቶ የሚያነበው የማይመለከተውን ነው። ስለዚህ አንዴ የተቀመጠ ነገር ባለቤቱ እስኪያነሳው ድረስ ባለበት ይቆያል።

የዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ኢንተርኔት ካፌ የደረሳችሁ ዲፍራግ የሚባለውን ታስታውሱ ይሆናል፤ ቀይና ሰማያዊ መስመሮች ቀስ እያሉ ሲሰበሰቡ። ያ የዲስክ ነው። ዲስክ ላይ ፋይሉ የት የት እንዳለ የሚመዘግብ መዝገብ ስላለ ፋይሉን አንቀሳቅሶ መዝገቡን ማረም ይቻላል። የእኔ ቺፕ ራም ላይ ግን እንዲህ ያለ መዝገብ የለም።

ለምን 17 ሺህ እንደምትፈልግም ልንገራችሁ። ኢንተርኔት ላይ በተቆለፈ መስመር ስንገናኝ መረጃው በጥቅል በጥቅል ይመጣል፤ አንዱ ጥቅል እስከ 16,384 ባይት ሊይዝ ይችላል። ተቀባዩ ጥቅሉ መንገድ ላይ እንዳልተነካካ የሚያረጋግጠው ሙሉውን ከተቀበለ በኋላ ነው። ስለዚህ ገና ግንኙነቱ ሲጀመር አንድ ወጥ ሰፊ ቦታ ይጠይቃል። የእኔ መልእክት “ነገ ደርስ የለም” የምትል ብትሆንም ቦታው ያው ነው። ቦት ጫማው እሱ ነው።

ጣውላውን ማን ቆራረሰው? እኔ ነኛ! ኮዴን ከላይ እስከ ታች ሳነበው ፊቴ ቀላ። መልእክቱን ፊደል በፊደል እየቀጠልኩ ነበር የምገነባው፤ በተቀጠለ ቁጥር ሲስተሙ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል፣ ወደዚያ ይገለብጣል፣ የቀድሞውን ይለቃል። ይሄ ብቻውን ባልከፋ። ደግሞ “ያለፉት 30 መልእክቶች ይቀመጡ” ብዬ ነበር፤ እያንዳንዱ በየርዝመቱ፣ በተገኘው ክፍተት። አላፊው ነገር ሲነሳ፣ ለቀናት የሚቆይ ትንሽ መልእክት መሐሉ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ሰፊውን ሜዳ የሚገድለው ብዛቱ አይደለም፤ ቶሎ የሚሄደውና የሚቆየው ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው። መሐል ላይ የተቀመጠች የ40 ባይት መልእክት የ30 ሺህ ባይት ሜዳ ለሁለት ትከፍላለች።

ይሄን ካወቅሁ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ፤ ብቻዬን እንዳልሆንኩም ገባኝ። ዶናልድ ክኑዝ የሚባለው ሊቅ በ1968 ባሳተመው መጽሐፉ አንድ ደንብ አስቀምጧል፤ ሜሞሪ እየተሰጠና እየተመለሰ ረጅም ጊዜ ሲቆይ፣ የክፍተቶቹ ቁጥር የተያዙት ቁራሾች ቁጥር ግማሽ ገደማ ይሆናል። ጣውላው ላይ 100 ጥንድ ጫማ ካለ 50 ያህል ክፍተት ጠብቁ ማለት ነው። የማንም ስንፍና አይደለም፤ መግባትና መውጣት ካለ የሚመጣ ነገር ነው።

ትልልቆቹ ኮምፒውተሮች ከዚህ ያመለጡበት ብልሃት ከዚያም ቀድሞ የመጣ ነው። እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1962 ሥራ የጀመረው አትላስ የሚባል ኮምፒውተር ሜሞሪውን በእኩል ገጾች ከፋፈለው፤ ፕሮግራሙም እውነተኛውን አድራሻ እንዳያውቅ ተደረገ። በእኛ ምሳሌ፣ መደርደሪያው ላይ ደብተር የያዘ ዘበኛ ቆመ በሉ። አንተ የምትይዘው ቁጥር ብቻ ነው፤ የቦትህን ግራ እግር እዚህ፣ ቀኙን እዚያ ቢያስቀምጠው ስትመጣ ጥንዱን አቅርቦ ይሰጥሃል። ዛሬ ስልካችሁም ላፕቶፓችሁም በዚህ መንገድ ነው የሚሠራው። የእኔዋ ትንሽ ቺፕ ግን ለውስጥ ራሟ እንዲህ ያለ ዘበኛ አትጠቀምም።

ዘበኛ ያለበትም ቤት ቢሆን ከችግሩ ጨርሶ አልዳነም። ዘበኛው የሚያገለግለው ፕሮግራሞችን ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ራሱና አንዳንድ መሣሪያዎች በእውነተኛው ሜሞሪ ላይ አንድ ወጥ ቦታ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሊኑክስ በውስጡ የባልንጀራ ዘዴ ልበለው፣ አንድ የቆየ ብልሃት ይጠቀማል። ጣውላውን ለሁለት ትከፍለዋለህ፣ ግማሹን እንደገና ለሁለት፤ የሚበቃው መጠን ላይ ስትደርስ ትሰጣለህ። ሲመለስ፣ ከእሱ ጋር የተከፈለው ሌላኛው ግማሽ ባዶ ከሆነ ሁለቱ ይጋጠማሉ፤ ካልሆነ ባልንጀራው እስኪለቀቅ ይጠብቃል። በ1965 ኬኔት ኖልተን ነው ያሳተመው። ከእሱ በፊት በ1963 ሐሪ ማርኮዊትዝ ተጠቅሞበታል፤ ይህ ሰው ኋላ በ1990 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ራሱ ነው፤ እዚህ ቦታ አገኘዋለሁ ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ሊኑክስ የጫናችሁ ልጆች ፕሮክ የሚባለው ማውጫ ውስጥ ባዲኢንፎ የሚል ፋይል ክፈቱ። የተደረደሩት ቁጥሮች በየመጠኑ ስንት ባዶ ቁራሽ እንዳለ ይናገራሉ፤ ብዙ ጊዜ ከግራ 4 ኪሎባይት ጀምሮ እየተባዛ እስከ 4 ሜጋባይት። ላፕቶፓችሁን ለቀናት ሳታጠፉት ስትቆዩ ቀኝ በኩል ያሉት ወደ ዜሮ ሲጠጉ ታዩ ይሆናል።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን ሊኑክስ ቀጥሎ ያደረገው ነው። ሜል ጎርማን የሚባል ፕሮግራመር ለረጅም ጊዜ ሲሟገትበት የነበረ ሥራ በጥር 2008 በወጣው የሊኑክስ ከርነል ገባ። ሐሳቡ ይሄው ነው፦ ሊንቀሳቀስ የሚችለውን ነገርና የማይንቀሳቀሰውን ለየብቻ አስቀምጥ። ጫማውን ትቶ እስከ ዐስር የሚቀመጠው በዚህ ጥግ፣ ሰግዶ የሚወጣው በዚያ ጥግ። በ2010 ደግሞ የሚንቀሳቀሱትን ወደ አንድ ጎን ገፍቶ የሚሰበስብ ሥራ ተጨመረ፤ ዘበኛው ደብተሩን እያረመ ጫማዎቹን ማጠጋጋት ተፈቀደለት። እኔ በ140 ሺህ ባይት ውስጥ የሠራሁትን ስህተት፣ እነሱ በጊጋባይቶች ውስጥ ለዓመታት ሲታገሉት ኖረዋል።

አዲሱ የጫማ መደርደሪያችንስ? እሱ እኩል እኩል በሆኑ ሳጥኖች የተከፋፈለ ነው። ማንኛውም ሳጥን ለማንኛውም ጫማ ይሆናል፤ አንዱ ሲለቀቅ ቀጣዩ ሰው ልክ እዚያው ይገባል። ክፍተት አይሸራረፍም። የሜሞሪ ፑል የምንለው ይህን ነው። ጄፍ ቦንዊክ በ1994 ለሶላሪስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሠራው ስላብ የሚባል ዘዴ በዚህ መንፈስ ነው፤ ሲስተሙ ደጋግሞ ለሚፈልጋቸው ነገሮች እንደየዓይነታቸው ልካቸው የሆነ ሳጥን አስቀድሞ ያዘጋጃል፤ ሊኑክስም ወርሶታል።

ነፃ ነገር ግን አይደለም። የሕፃን ነጠላ ጫማም አንድ ሙሉ ሳጥን ትይዛለች። ይሄ ደግሞ የውስጥ ፍራግመንቴሽን ነው፤ ቦታው ባዶ ሆኖ በውጭ ሳይሆን በተያዘው ሳጥን ውስጥ ይባክናል። እኔ 20 ሳጥን ሠራሁ፣ እያንዳንዱ 256 ባይት። እዚህ ላይ አማርኛችን አንድ ጣጣ አመጣብኝ። የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ነው፤ የዐረብኛ 2 ነው፤ የእኛ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ አንዱ ሳጥን 85 ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው። “ነገ ደርስ የለም” 26 ባይት ነው፤ 230 ባይት ባክኖ ይቀራል። በተቃራኒው የኮሚቴው ጸሐፊ ሲጽፍ እንደ ደብዳቤ ነው፣ ከሰላምታው ጀምሮ፤ ስለዚህ የሚቆረጥበት ነገር ይኖራል። ሄጄ “ከ80 ፊደል አትለፍ” አልኩት። “ሰላምታውንም ልተው?” አለኝ። ሰላምታውን ሰሌዳው ራሱ መጀመሪያ ላይ እንዲያስሮጠው አደረግሁና ተስማማን።

ቀሪው ሥራ የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ የነበረው ጄራርድ ሆልዝማን በ2006 ካወጣቸው አሥር ደንቦች ሦስተኛውን መከተል ነበር፦ ፕሮግራሙ ተነስቶ ከተዘጋጀ በኋላ አዲስ ሜሞሪ አትጠይቅ። የሚያስፈልግህን ሁሉ በመጀመሪያው ደቂቃ ያዝ፣ አትልቀቅ። ፍሪአርቶስም አብረውት ከሚመጡት አምስት የሜሞሪ አያያዝ መንገዶች የመጀመሪያው ጭራሽ መመለስን አያውቅም። ስማር “ይሄ ምን ይረባል?” ብዬ ነበር። የማይመለስ ነገር ክፍተት አይፈጥርም፣ አለቀ። ለተቆለፈው መስመር ያን ትልቅ ቦታ ገና ስትነሳ ለይቼ ያዝኩላት፤ ማንም ትንሽ ነገር እዚያ አይቀመጥም። ፊደል በፊደል መቀጠሉንም አስወገድኩ።

በየሌሊቱ ራሷን አጥፍታ እንድትነሳ ማድረግስ? ብዙ ሰው የሚያደርገው እሱን ነው፤ ሦስት መስመር ኮድ ነው፤ ሠርቶም ያድራል። ሁሉም ጫማውን ይዞ ከወጣ ጣውላው እንደ አዲስ ባዶ ነውና። ስልካችሁ ሲንቀራፈፍ አጥፍታችሁ ስታበሩት የሚሻለው በከፊል ለዚህ ነው። ሐጂ ገመዱን መንቀላቸው እኔ ከሰጠሁት ሰበብ ሁሉ የተሻለ ሕክምና ነበር። እኔ ግን አንዴ ሰበብ ደርድሬ ስላፈርኩ በሽታውን ሸፍኜ ማለፍ አልፈለግኩም።

ሰሌዳውን መልሼ ከመስቀሌ በፊት ሹፌሩን ፈልጌ ሄድኩ። መኪናው ሥር ተኝቶ ቅባት ሲቀይር አገኘሁት። “ጋሼ፣ የዚያን ቀን ኔትወርክ አልነበረም፤ የእኔ ስህተት ነው። መርምሬ ሳላውቅ ነው የዋሸሁህ” አልኩት። ዝም አለ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣና “ምን ሆኖ ነው ታዲያ?” አለኝ። የጫማ መደርደሪያውን ነገር ነገርኩት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። “ጭነት እኮ ነው” አለ። “ደሴ የሚወርደውንና ወልድያ የሚወርደውን ቀላቅሎ የጫነ ረዳት መኪናውን ግማሽ ባዶ አድርጎ ሌላ ጭነት አይገባም ይልሃል።” ዩኒቨርሲቲ አንድ ሴሚስተር የፈጀብንን እሱ መኪና ላይ ተምሮታል። ከዚያ መለስ ብሎ “ማይኩን ግን እንዳይተዉት ንገርልኝ” አለኝ። ነገርኩለት። አሁን ጀናዛ በሁለቱም ይነገራል።

ሰሌዳውን ከሰቀልኩ በኋላ ሐጂን “ከእንግዲህ አይንቀሉት፣ ስንት ቀን ሳይደነዝዝ እንደሚቆይ ልቆጥር ነው” አልኳቸው። “እሺ ልጄ” አሉኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሄጄ ቆጣሪውን ባየው 4 ቀን ይላል። ደነገጥኩ።

“ሐጂ፣ ጠፍቶ ነበር እንዴ?”

“ኧረ አልጠፋም። ሐሙስ ሐሙስ ግን አቧራውን ስጠርግ እነቅለዋለሁ። ለጁሙዓ ንጹሕ ይሁን ብዬ ነው።”

ምን እላቸዋለሁ? ልክ የእሱን መሳይ ሁለተኛ ቺፕ ሱቄ ውስጥ ሰካሁ፤ ያንኑ መልእክት ትቀበላለች፣ ያንኑ ትሠራለች፤ ሰሌዳ ብቻ የላትም። መብራት ሲሄድ የምትይዝ ትንሽ ባትሪም አድርጌላታለሁ። ይህን ስጽፍላችሁ 64ኛ ቀኗን ይዛለች፤ ትልቁ ቁራሽ በመጀመሪያው ቀን የጻፈችልኝ ቁጥር ላይ ነው ያለው።